ለሌሉት አቤት የሚለው ሳጥን

ክብርት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ጓደኞቼ፤

ይህን አዳራሽ ከኬብል ጥቅልና ከካርቶን አጽድታችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ በሥራ ሰዓት ስለ እኔ ስለተሰበሰባችሁ እጅግ አመሰግናለሁ። የዋሻው ሠራተኞች የትዳር ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ መምጣታችሁ ደግሞ ልቤን ነክቶታል። ስለ ስጦታውም አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ሰው የሚውጥ ወንበር የገዛችሁልኝ "ከእንግዲህ ቁጭ ይበሉ" ለማለት መሆኑ ገብቶኛል። ቁጭ እላለሁ። ለጊዜው ግን ቆሜ ልናገር።

ንግግር እንደማይሆንልኝ ታውቃላችሁ። ጠዋት ወጣቱ መሐንዲሳችን ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ፣ እዚህ ቤት በኖርኩበት ዘመን ከአፌ የወጣው ቃል ሁሉ ቢደመር የዛሬውን ንግግር አይሞላም ብሎ ቀለደብኝ። እውነቱን ነው። ስልክ ስትደውሉልኝ መስመሩ የተቋረጠ መስሏችሁ የዘጋችሁብኝ እዚህ ብዙ አላችሁ።

"እትዬ ተራ" የሚለውን ስም ስታወጡልኝም የማልሰማ መስሏችሁ ነበር። ሰምቻለሁ። መጀመሪያ "ተራ ሴት ናት" ማለታችሁ መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። የመናገሪያ ተራ የምታከፋፍል ማለታችሁ እንደሆነ የነገሩኝ ቆይተው ነው። ያኔ ደግሞ ሁለቱንም ወደድኩት።

ወደዚህ ቤት የገባሁት ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆኜ ነው። ከየካርቶኑ የሚወጣውን መመሪያ ሰው ሲጥለው እኔ እየሰበሰብኩ ወደ ቤት እወስደው ነበር። መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንዱን አንቀጽ ደጋግሜ እያነበብኩ፣ የገባኝን ይዤ ያልገባኝን ለነገ እተወው ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ "የሰው ሚስት ልብ ወለድ ታነባለች፤ የእኔዋ የስዊች መመሪያ። መጨረሻው እንዴት ሆነ?" ይለኛል። መጨረሻውማ ሁልጊዜ የዋስትና ገጽ ነው እለዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ እናንተም እየታገሳችሁኝ፣ የመገናኛ ክፍሉ ባልደረባ ሆንኩ።

ዛሬ ስለ አንድ ነገር ልናገር ነው የቆምኩት። ነገሩ የሰኞ ነገር ነው። የዋሻ ሠራተኛ የትዳር ጓደኞች እዚህ ስላላችሁ፣ የሚመለከተውም እናንተን ስለሆነ፣ ከሥሩ ላስረዳ። የምታውቁት ታገሱኝ።

ዋሻችን ተራራውን ከወዲህ ወዲያ ሰንጥቆ የሚያልፍ መንገድ ነው። ጣሪያው ላይ ትልልቅ ማራገቢያዎች ተሰቅለዋል፤ ግድግዳው ላይ መብራቶች፣ ጭስ የሚያሸቱ ሰንሰሮችና የእሳት በሮች አሉ። እያንዳንዱ ዕቃ ጎን የሳሙና መያዣ የምታክል ትንሽ ኮምፒውተር ያለባት ሳጥን አለች። ሳጥኖቹ ሁሉ ኢተርኔት በሚባል የመረጃ ኬብል ተያይዘው እዚህ መቆጣጠሪያ ክፍል ካለው ዋና ማሽን ጋር ይነጋገራሉ።

ዋናው ማሽን ይጠራቸዋል። እነሱም በየተራቸው "አለሁ፣ ፍጥነቴ ይህን ያህል ነው" ብለው ይመልሳሉ። ይህን መልስ ባለሙያው በሌላ ስም ይጠራዋል፤ እኛ ቤት ግን ስሙ አቤት ነው። ማን እንዳስጀመረው አላስታውስም። ሳጥኑ አቤት አለ፤ ሳጥኑ አቤት አላለም፤ በቃ ይህ ነው ወሬያችን። ሲጠሩት አቤት ያላለ ሰው ወይ አኩርፏል፣ ወይ አልሰማም፣ ወይ የለም። ሳጥንም እንደዚሁ ነው፤ ማኩረፍ ብቻ አይችልም።

ሁሉም ባንድ አፍ ቢናገሩ የማንም አይሰማም። ስለዚህ ለያንዳንዱ ተራ አለው፤ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ የብዙዎቹ ተራ ያልፋል። የሁሉም ሰዓት አንድ ነው፤ አንዱ ዙር ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ለምን እንዲህ ተጣደፈ ትሉኝ ይሆናል። ዋሻ ውስጥ መኪና ቢቃጠል ማራገቢያዎቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ወደ አንድ አቅጣጫ መንፈስ አለባቸው። አንዷ ዘግይታ በተቃራኒው ብትነፍስ ጭሱ የሚሄደው ወደ ሰው ነው። ሌላ ቦታ ዘግይቶ የደረሰ ወሬ የቆየ ወሬ ነው፤ እዚህ ግን ውሸት ነው።

ሁለተኛው ዋሻ ተቆፍሮ ዕቃ ሲገባበት የሳጥኖቹ ቁጥር እጥፍ ሆነ። ዙሩ ጠበበ። የዳሩ ሳጥኖች አቤት በጸጉር ስንጥቅ ያህል እየዘገየ መድረስ ጀመረ። በዘገየ ቁጥር የአደጋ ደወሉ ይጮኻል፤ የዋሻው ሰዎች መሣሪያቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ ሲጣራ ምንም የለም። ይመለሳሉ፤ እንደገና ይጮኻል። የዋሻው ቡድን መሪ ፋኖስ፣ ምሳ ሲበላ እንኳ የግንባሩን መብራት ስለማያጠፋ ነው ፋኖስ የምንለው፣ አንድ ቀን ቢሮዬ መጥቶ የቡድኑ ልጆች ደወሉን መናቅ እንደጀመሩ ነገረኝ። ይህ ከደወሉ ይብሳል አለ። ትክክል ነበር።

ስብሰባ ተቀመጥን። መሐንዲሱ አንድ እቅድ አመጣ፤ እኔ ሌላ። የእሱ፣ ዋሻውን በክፍል በክፍል ቆርጦ ለየክፍሉ የራሱን ዙር መስጠት፣ የሰዓቶቹን አንድነት እንዳለ መጠበቅ፣ ማራገቢያ በየዙሩ ሲናገር እንደ መብራት ያለው ደግሞ አልፎ አልፎ እንዲናገር ማድረግ ነበር። ጥሩ እቅድ ነበር፤ ግን አዲስ ኬብል፣ መስመር የሚያከፋፍሉ አዲስ ስዊቾች፣ ብዙ ወራት ይፈልጋል። የእኔ ቀላል ነበር። በየክፍሉ አንድ ሰብሳቢ ሳጥን ይቀመጥ። ከኋላው ያሉትን ሳጥኖች አቤት እሱ ይሰብስብና በአንድ ተራ ስለ ሁሉም ይመልስ። የአንዷ መልስ በሰዓቱ ካልደረሰው፣ ቀድሞ የሰጠችውን መልስ ይድገምላት። ደወሉም ዝም ይላል።

መሐንዲሱ ሳቀ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ክፍል ውስጥ ለቀረ ጓደኛ አቤት ማለት ነው፤ እኔ ግማሹን ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት በእሱ ነው" አለ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅኩ። የተጨበጨበው ለእኔ እቅድ ነበር፤ የእሱን "ይረዝማል" ብዬ ያስጣልኩትም እኔ ነኝ።

በሙከራ፣ መዘግየቱ በባሰበት በአዲሱ ዋሻ አንድ ክፍል አበራነው። ደወሉ በዚያው ቀን ዝም አለ።

ጸጥታው መጀመሪያ ደስ የሚል ነበር። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። ስክሪኑን የምትጠብቀው የመቆጣጠሪያ ክፍሏ ልጅ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ስክሪኑን ቆም ብዬ አየው ጀመር። አንድ ነገር ቅር ይለኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አይጨበጥልኝም። አንድም ቀን ተማሪ የማይቀርበት ክፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማንም የማይታመምበት፣ ማንም የማያረፍድበት? እኔ አላየሁም። ያን ስክሪን ሳይ ግን እሱን የማይ ይመስለኝ ነበር። ሁሉም አሉ። ሁሉም ደህና ናቸው። ማንም አይተነፍስም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከፋኖስ ጋር ወደ አዲሱ ዋሻ ገባን። የሄድነው የአንድ ሰንሰር ገመድ ልናይ ነው። አዲሱ ዋሻ ገና መኪና አልገባበትም። አስፋልቱ ጥቁር ነው፤ መብራቱ አልፎ አልፎ ነው። የገዛ እርምጃችን ከግድግዳው እየዘገየ ይመለሳል፤ ከኋላችን ሌሎች ሁለት ሰዎች የሚከተሉን ይመስላል። ፋኖስ ይህን ለምዶታል። "ዞር ብለው አይዩ እትዬ፤ ካዩዋቸው ምሳ ይጠይቃሉ" አለኝ።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቆመ። እኔም ቆምኩ። የሚከተሉንም ትንሽ ቆይተው ቆሙ።

"እትዬ፣ ነፋሱ የት ሄደ?" አለኝ።

እውነትም ነፋስ የለም። አየሩ ክብድ ብሏል፤ አፍ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም አለው። የእጅ ራዲዮዬን አወጣሁና የመቆጣጠሪያ ክፍሏን ልጅ ከመታጠፊያው በላይ ያለው ማራገቢያ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። ጤነኛ ነው አለችኝ። በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ነው አለችኝ። እንደገና ጠየቅኳት። ልጅቷ ታጋሽ ናት፤ ድምጿን ዝግ አድርጋ፣ "አቤት እያለ ነው እትዬ" አለች።

ፋኖስ ራሱን ቀና አድርጎ የግንባሩን መብራት ወደ ጣሪያው አበራ። ማራገቢያው የለም። ባዶ መስቀያ ነው። አራት ቡሎን፣ ጫፉ በናስትሮ የተጠቀለለ ኬብል፣ ሌላ ምንም። ኩሽኔታው ስላለቀ መካኒኮቹ አውርደው ወደ ጋራዥ ወስደውታል፤ እኛ አልሰማንም፤ ስክሪኑም አልነገረን።

ፋኖስ ያን ባዶ መስቀያ ትክ ብሎ እያየ ድምጹን ዝቅ አደረገ።

"ማነው ታዲያ አቤት የሚለው?"

የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሚሠራም አውቃለሁ። በዚያች ቅጽበት ግን፣ ከዚያ ቀዳዳ በታች ቆሜ፣ ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ፋኖስ ደረት ላይ ያለው የአየር መለኪያ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ክንዴን ያዘና ሳይሮጥ ወደ ብርሃኑ መራኝ። የሚከተሉን ሁለት ሰዎች እስከ ዋሻው አፍ ድረስ ሸኙን።

እኛ ሁለት ነበርን፤ ከመታጠፊያው አላለፍንም። በሚቀጥለው ቀን ግን እዚያ ቦታ ሊሠሩ የነበሩት የፋኖስ ልጆች በሙሉ ነበሩ። እነሱ የሚገቡት ስክሪኑን አምነው ነው። የትዳር ጓደኞቻቸው እዚህ ስላላችሁ ከዚህ በላይ አልገልጸውም።

በቀጥታ ወደ ጋራዥ ሄድን። ማራገቢያው ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ትንሿ ሳጥኑ አጠገቡ አለች፤ ኬብል የላትም፣ መብራቷ ጠፍቷል። መካኒኮቹ ሻይ ይጠጣሉ። ፋኖስ ጎንበስ ብሎ ሳጥኗን "አቤት አልሽ እንዴ?" አላት። መካኒኮቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እኔ እዚያው ቆሜ ስልክ ደወልኩና የመቆጣጠሪያ ክፍሏን ልጅ ጠየቅኳት። አሁንም ከዋሻው ውስጥ አቤት እያለ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤ ያን ቀን እኔን ያስደነገጠኝ ግን ባዶው መስቀያ አልነበረም። የልጅቷ ድምፅ ነው። "አቤት እያለ ነው" ያለችበት እርጋታ። ያን እርጋታ አውቀዋለሁ። ከቤቴ አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ ሲያርፍ ልታጽናኑኝ የመጣችሁ ከፊሉን ሰምታችኋል። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ታሞ ውስጠኛው ክፍል ተኝቶ ነበር። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ አነባለሁ። በመሃል በመሃል ከገጼ ቀና ሳልል "አንተዬ" እላለሁ። እሱ "አቤት" ይላል። ባል ለሚስቱ ወይ ነው የሚላት፤ እሱ ግን አቤት የሚለኝ አለቃዬ ነሽ እያለ ሊያሾፍብኝ ነው። "አንተዬ።" "አቤት።" ይሄው ነበር የእኛ ጭውውት። ድምፁ ከመጣ ደህና ነው፤ ገጼን እገልጣለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ሆነ። ጠራሁት፤ አቤት አለ። አነበብኩ። ጠራሁት፤ አቤት አለ። መርፌ የምትወጋው ነርስ በሰዓቷ መጣች፤ ተያይዘን ሳንገባ እሷ ቀድማ ገባች፤ እኔ የጀመርኩትን አንቀጽ ልጨርስ ቀረሁ። ስትወጣ በሩን ከኋላዋ ቀስ ብላ ዘጋችው። "እማማ፣ ብቻዎን ነበሩ?" አለችኝ። ከእሱ ጋ ነኝ፣ አሁን እንኳ እያወራን ነበር አልኳት።

አጠገቤ ቁጭ አለችና እጄን ያዘች። "እማማ፣ እሳቸው ከሄዱ እኮ ቆይተዋል" አለችኝ።

ገባሁ። እጁ ከአልጋው ውጭ ነበር። ብርጭቆው ወድቋል። የፈሰሰው ውሃ ወለሉ ላይ ደርቆ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቷል። ውሃ ወለል ላይ ለመድረቅ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ያን ሁሉ ዘመን ጊዜ ስለካ የኖርኩ ሴት፣ እሱን እስከ ዛሬ አልለካሁም።

ግን አቤት ብሎኛል። አልዋሻችሁም፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዳንዶቻችሁ ያኔ "ጆሮሽ ለምዶት ነው" ብላችሁ አጽናናችሁኝ። ይሆናል። ጆሮዬ መልሱ ሲዘገይበት የቀድሞውን ደገመልኝ ይሆናል። እኔም ሳልነሳ ቀረሁ። ለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው እናንተን አይደለም፤ የምጠይቀው ሰው ደግሞ አይመልስልኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ማንንም ጠርቼ አላውቅም። የምፈራው መልስ ማጣቱን አይደለም። የምፈራው መልስ እንዳላገኝ ሳይሆን እንዳገኝ ነው።

ከዓመታት በኋላ ስብሰባ ላይ ተነስቼ "ካልደረሰው የቀድሞውን ይድገምላት" ስል፣ ሐሳቡ ከመመሪያ ያነበብኩት መስሎኝ ነበር። መመሪያው ላይም በእርግጥ አለ። ግን ከባዶው መስቀያ ሥር ቆሜ ነው ከየት እንደመጣ የገባኝ።

መሐንዲሱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ልመስክርለት። በሳምንቱ ገደብ አበጀለት። ሳጥኑ ለሌለው ከጥቂት ዙር በላይ አቤት እንዳይል፣ ከዚያ በኋላ የለም እንዲል አደረገ። ሞከርነው፤ ጋራዥ ያለው ማራገቢያ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሆነ። ደስ አለን። ከዚያ መብራት ለአፍታ ጥፍት ብርት አለ። ሰብሳቢው ሳጥን ሲነሳ በውስጡ ያስቀመጠውን የመጨረሻ አቤት አገኘና ቆጠራውን እንደ አዲስ ጀመረ። ማራገቢያው እንደገና አረንጓዴ ሆነ፤ ትንሽ ቆየ፤ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ መብራት በተንቀጠቀጠ ቁጥር፣ ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመው ማራገቢያ ከዋሻው ውስጥ ብድግ ብሎ አቤት ይልና ይተኛል።

መሐንዲሱ ይህንንም ዘጋው። ሳጥኑ ሲነሳ ያስቀመጠውን ሁሉ እንዲረሳ አደረገ። አሁን በወረቀቱ ላይ ቀዳዳ የለውም። ግን የመቆጣጠሪያ ክፍሏ ልጅ ከዚያም በኋላ አንድ ጊዜ አረንጓዴ ሲሆን አይቻለሁ ትላለች። እኔና መሐንዲሱ ገልብጠን አየን፤ ምንም አላገኘንም። ደክሞሽ ይሆናል አልናት። "ያየሁትን አይቻለሁ" አለች። እዚያ ጥግ ቆማለች፤ አትዋሽም። ይህች ልጅ ዓመት ፈቃዷን ስትቆጥር እንኳ አንድ ቀን አትጨምርም።

እና ሰኞ ይህ ሳጥን በሁለቱም ዋሻ፣ በሁሉም ክፍል እንዲበራ ታዟል። የምረቃው ቀን ተቆርጧል፤ እንግዶች ተጠርተዋል፤ ሪባኑም ተገዝቷል አሉ። እኔ ሰኞ አልኖርም። ጡረተኛ ነኝ፤ እዚያ ወንበር ውስጥ ሰጥሜ እቀመጣለሁ። የፋኖስ ልጆች ግን ይገባሉ።

ክብርት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤ መሐንዲሱ ሒሳቡ ትክክል ነው። እኔም ሌላ ቀዳዳ አሳይ ብትሉኝ የማሳየው የለኝም። የቀደሙትን ቀዳዳዎችም ግን ከመግባታችን በፊት አላየኋቸውም ነበር። ያ ሳጥን አልተበላሸም። ያዘዝኩትን ነው የሚያደርገው። ያዘዝኩት ደግሞ ስለሌላው እንዲመልስ ነው። በቋንቋችን አቤት መልስ ነው፤ የተበደለም ሰው ደጅ ቆሞ አቤት ይላል። ሁለቱንም ሌላ ሰው ሊልልን አይችልም። ማራገቢያዋ ከዘገየች ትዘግይ፤ ደወሉም ይጩህ፤ ከሌለች የለችም ይባል። እንዳትዘገይ ማድረጊያው የመሐንዲሱ እቅድ ነው። ያስጣልኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ልመልሰው።

የምለምነው ይህን ነው። ሰኞ አታብሩት። ምረቃው ይቆይ። እንግዶቹ ይቆጡ።

አሁን መልስ እጠብቃለሁ። እንደምታውቁት መጠበቅ አይቸግረኝም።

…

ጎሽ መሐንዲስ ልጄ፤ ግን ጮክ በል፤ ኋላ ያሉት አልሰሙም። "እኔ አላበራውም" ነው ያለው። ይህ ልጅ ቀጠሮ የተያዘለት ሹመት እንዳለው እዚህ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ይህን በማለቱ ምን ሊያጣ እንደሚችል ታውቃላችሁ።

አዎ ፋኖስ፣ አንተም ልጆቹ አይገቡም ማለት ትችላለህ። ተቀመጥ፤ ገብቶናል።

ክብርት ሥራ አስኪያጅ፣ አይቸኩሉ፤ ያስቡበት። …

አመሰግናለሁ። አመሰግናለሁ እመቤቴ። ለልጆቹ ልድገመው፤ "ሰኞ አይበራም፤ መሐንዲሱ ማክሰኞ እቅዱን ይዞ ይምጣ፤ ለእንግዶቹ እኔ እነግራለሁ" ብለዋል። የሚነግሯቸው ነገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የእንግዶቹን ፊት እርስዎ ያዩልናል፤ እኛ ለእርስዎ የምንሰጠው ነገር የለንም።

እስከዚያ ደወሉ ይጮኻል። ሲጮኽ ውጡ። ምንም ባይኖር እንኳ ውጡ። ወጥታችሁ ስደቡን፤ ፋኖስ ለመሳደብ ችግር የለበትም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ለልመናዬ መልስ የሰጡኝ አለቃ፣ የሚፈርሙት ወረቀት ሁሉ እንቅልፍ የሚሰጥ ይሁንልዎ። አንተ ልጄ፣ ከአንተ የሚያንስ ሐሳብ ያመጣ ሁሉ ጭብጨባ ቢያገኝም አትክፋ፤ እድሜና ትዕግሥት ይስጥህ፤ የምታገባትም ልጅ መመሪያ የማታነብ ትሁን። መካኒኮች፣ እጃችሁ አይደክም፤ አንድ ዕቃ ስታወርዱ ግን ለሰው ንገሩ። የመቆጣጠሪያ ክፍሏ ልጅ፣ ዓይንሽን አምላክ ይጠብቅልሽ፤ ያየሽውን አየሁ ማለትሽን አትተዪ። ዓመት ፈቃድሽንም ውሰጂ።

መኪናው ውጭ ጥሩንባ እየነፋ ነው፤ የከሰዓቱ ተረኞች ልትገቡ ነው። የትዳር ጓደኞቻችሁ ከእኛ ጋር ኬክ ይብሉ፤ እናንተን ግን አላቆያችሁም። ሰው ሲሸኝ በሰላም ግቡ ይባላል። እኔ ግን ለእናንተ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ዛሬም አልልም። መግባቱን ታውቁበታላችሁ።

በሰላም ውጡ።